የመጽሐፍ ምዕራፍ ለተማሪ ማባዛት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለማስተምረው ኮርስ ከአንድ መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ኮፒ ባስደርግ፣ በቴሌግራም ግሩፕም ብለቀው ሕጉ ይፈቅዳል?

መልስ 1፦ የቅጂ መብትን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ መጠኑ ግን ለትምህርቱ ከሚያስፈልገው አይለፍ፣ ምንጩና የደራሲው ስምም ይጠቀስ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምዕራፉ ብቻውን ሲነሳ የሽፋኑ ገጽ ይቀራል፣ ስሙም አብሮ ይጠፋል። ኮፒ ቤት ከመላክዎ በፊት ደራሲውን፣ ርዕሱንና የታተመበትን ዓመት በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ይጻፉት።

መልስ 2፦ ቴሌግራሙ ያሰጋል። ፋይሉ ከክፍሉ ወጥቶ ከተዛመተ «ለማስተማር ነው» ብሎ መከራከር ይከብዳል። ደራሲው ራሱ በነፃ የለቀቀው ከሆነ ሊንኩን ብቻ ይላኩ።

መልስ 3፦ የባልደረባ ሃንድአውትም ባለቤት አለው፤ በጽሑፍ ያስፈቅዱ። አዋጆችን ግን የቅጂ መብት ስለማይጠብቃቸው ሙሉውን ያባዙ።