ልጄን ከስልክ እንዴት ላላቅቀው?
እባካችሁ ምክር ለግሱኝ። የ8 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ስልክ ላይ ተተክሎ ይመሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ያድርጉ ይላል፤ የኔው 10 ደቂቃም አይሞላ። ስልኩን ስነጥቀው ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል፣ እኔም (እውነቱን ልናገርና) ደክሞኝ ስለምገባ መልሼ እሰጠዋለሁ። ውጭ ተጫወት እንዳልለው በራችን ላይ መኪና ይከንፋል። ከጎረቤት ወላጆች ጋር ተራ ገብተን ልጆቹን እየጠበቅን እናጫውታቸው ብዬ ነበር። ሁሉም «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ፣ አንድም ሰው አልመጣም። እናቴ አብራው ለመዋል ፈቃደኛ ናት፣ ግን ጉልበቷን ያማታል፤ ሮጦ ቢያመልጣት አትደርስበትም። እንዲህ ያለ ተራ ያስጀመራችሁ ካላችሁ ሰዉን በምን አሳመናችሁት? አንድ አዋቂ ስንት ልጅ መጠበቅ ይችላል? ስልኩንስ በአንዴ ልከልክለው ወይስ ቀስ በቀስ?