የጠፋ የሊፍት ቺፕ ቁጥር ባዶ ቺፕ ላይ መጻፍ ይቻላል?

የኮሚቴው_ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአፓርታማችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። የግቢው በርና ሊፍቱ የሚከፈቱት በዚያች ቁልፍ ላይ በምትንጠለጠል ሰማያዊ ቺፕ ነው። ተከራይ በገባና በወጣ ቁጥር አንድ ሁለት ትጠፋለች፣ ሲስተሙን የገጠመው ድርጅት ደግሞ ለአንዷ ምትክ የሚጠይቀው ዋጋ ሰዉን አስመርሮታል። ደጋግሞ የሚጻፍበት ባዶ ቺፕ አለ ሲባል ሰማሁ። የጠፉት ቁጥራቸው መዝገባችን ላይ ስላለ እሱኑ ባዶው ላይ ጽፈን ብንሰጥስ? በስልኬ ላነባት ብሞክር ስልኩ ጭራሽ አያያትም። የትኛውን ዓይነት ልግዛ?

ሽቦና_ብየዳ፦
ስልክህ ጤነኛ ነው። የስልክ ኤንኤፍሲ (ቺፕና ካርድ በቅርበት የሚያነብበት ሬዲዮ) የሚሠራው በ13.56 ሜጋኸርዝ ነው፣ የእናንተዋ ግን 125 ኪሎኸርዝ ትመስለኛለች። ላይዋ ላይ 10 አሃዝ ቁጥር ታትሞባት ከሆነ ኢኤም4100 የሚባለው የቺፕ ዓይነት የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። እሷ ባትሪ እንኳ የላትም፤ ሪደሩ (በሩ ላይ ያለው ማንበቢያ) ጋ ስትጠጋ ውስጧ ባለው የመዳብ ጥቅልል ኃይል ታገኝና ከፋብሪካ የወጣችበትን ቁጥር ደጋግማ ትልካለች፣ በቃ ሥራዋ ይሄው ነው፣ አትጻፍባትም። የሚጻፍባቸው ቲ5577 እና ኢኤም4305 የሚባሉት ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ስለሆኑ ስትገዛ የቺፑን ስም ጠይቅ፣ "125 ነው" ቢልህ አይበቃም።

ማሂ_ሲስተም፦
ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት ይሄን አስብበት። የጠፋችውን ቁጥር አዲሷ ላይ ከጻፍክ የጠፋችውም በሩን መክፈቷን ትቀጥላለች! ሪደሩ የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ ቺፗን አይደለም። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ዘው ብሎ ይገባል፣ ሲስተሙም የሚመዘግበው በነዋሪው ስም ነው። የጠፋውን ቁጥር ከመቆጣጠሪያው ላይ አጥፉና ለነዋሪው ሌላ ቁጥር ያላትን ቺፕ መዝግቡለት። ለዚህ ደግሞ የሚጻፍባት አያስፈልግህም፣ ተራዋ ኢኤም4100 ትበቃለች። ከድርጅቱ መጠየቅ ያለባችሁ ቺፕ ሳይሆን የመቆጣጠሪያውን የአስተዳዳሪ ኮድ ነው። ህንፃው የእናንተ ሆኖ ኮዱ ሌላ ሰው እጅ መሆኑ በጣም ያሳስበኛል፣ ማን እንደተመዘገበና ማን እንደተሰረዘ እንኳ ማየት አትችሉም።

የኮሚቴው_ጸሐፊ፦
ማሂ አመሰግንሻለሁ፣ ኮዱን በደብዳቤ እንጠይቃለን። ግን እንዲህ ከሆነ እኮ ጥበቃ ጋ አደራ የተተወች ቺፕ ሁሉ ኮፒ ልትደረግ ነው?

ማሂ_ሲስተም፦
አዎ፣ ያውም በሰከንዶች ውስጥ። ኢኤም4100 ምስጢር የምትይዝበት ቦታ የላትም፣ ቀርቦ ለጠየቃት ሁሉ ቁጥሯን ትናገራለች። ስለዚህ ለሊፍት ይሁን፣ ለቤት በር ግን በፍጹም አታድርጓት። ወደፊት ሲስተሙን ለመቀየር ብር ስታዋጡ ደግሞ ማይፌር ክላሲክ የሚባለውን ካርድ እንዳይሸጡላችሁ፣ የእሱ ምስጠራ በፈረንጆቹ 2008 አካባቢ በተመራማሪዎች ተሰብሯል። ዴስፋየር ኢቪ2 ወይም ኢቪ3 የሚባለው ካርድ፣ ኤኢኤስ በተባለው ጠንካራ ምስጠራ፣ ይሻላል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፦ ካርዱ ውድ ሆኖ ሪደሩ የካርዱን መለያ ቁጥር ብቻ አንብቦ የሚከፍት ከሆነ ከአሁኑ ብዙም አይለይም። ሪደሩ ምስጢራዊ ቁልፉን የሚያረጋግጥ መሆኑን ውሉ ላይ አስጽፉ።

ሽቦና_ብየዳ፦
በማሂ ሐሳብ እስማማለሁ። ለማንኛውም ቲ5577 መግዛትህ ካልቀረ፣ አንዳንዶቹ ርካሽ ኮፒ ማድረጊያዎች ከጻፉ በኋላ ቺፗን በራሳቸው የይለፍ ቃል ይቆልፏታል። በሌላ መሣሪያ ልጻፍ ስትል እሺ አትልህም፣ ተበላሽታለች ብለህ እንዳትጥላት፣ መጀመሪያ በጻፍክበት መሣሪያ ሞክራት።