የሲኤንሲ ማክሮን ለጀማሪ በምን ላስረዳ?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ቤት ውስጥ የገጣጠምናት ትንሽ የእንጨት መቅረጫ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የምትመራ ማሽን) ሊነክስሲኤንሲ በተባለ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው የምትሠራው። ጂ-ኮድ (ማሽኑን የምናዝባቸው መስመሮች) ለለመዱ፣ ፕሮግራም ግን ጽፈው ለማያውቁ ሁለት ጓደኞቼ የማክሮ፣ ማለትም በጂ-ኮድ የሚጻፉ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ መመሪያ በአማርኛ እየጻፍኩላቸው ነው። የሊነክስሲኤንሲ ዋናው ሰነድ ስህተት የለበትም፤ ችግሩ የተጻፈው ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው።

የጀመርኩት የመቁረጫውን ቁመት በሚለካ ማክሮ ነው፦ ጂ38.2 በሚለው ትእዛዝ መቁረጫው የመለኪያ ሳህኑን እስኪነካ ይወርዳል፣ የነካበት የዜድ (የከፍታ) ቁጥር #5063 ላይ ይቀመጣል። እዚህ ድረስ ገብቷቸዋል። «#3 ማለት ቁጥር የሚቀመጥበት ሳጥን ነው» አልኳቸው። ከዚያ አንዱ በአንድ መስመር #3=6 ጂ1 ኤክስ#3 ብሎ ጻፈ፤ «#3ን 6 አድርግና በኤክስ ወደዚያ ሂድ» ለማለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ቀድሞ 15 ስለነበር ማሽኑ ወደ 15 ሄደ! አዲሱ ዋጋ የሚሠራው መስመሩ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ነዋ። ደግነቱ መቁረጫው አየር ላይ ነበር።

ከ#1 እስከ #30 ያሉት የየንዑስ ፕሮግራሙ (እየተጠራ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል) የግል እንደሆኑ፣ ከ#31 ጀምሮ ግን የጋራ እንደሆኑ ስነግራቸውማ ጭራሽ ጠፋባቸው። ሳጥን የሚለው ምሳሌዬ ራሱ ሳያሳስታቸው አልቀረም። እናንተ ይህን በምን ትመስሉታላችሁ? ደግሞስ እንደ #3 ያሉትን ቁጥሮች ትቼ ከመጀመሪያው ስም ባላቸው ተለዋዋጮች (ሳጥኖች) ብጀምር ይሻላል?