11 ግቢ በአንድ የፍሳሽ መስመር፦ ሳቢያን ላይ ያዋጣናል?

የሳቢያኗ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ እናቴ ቤት። ቅያሳችን ውስጥ 11 ግቢ አለ። መኪና አይገባም፣ ባጃጅ ግን እንደምንም ይገባል። ሁሉም የየራሱ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለው። የኛን ድሮ በሦስት ዓመት አንዴ ነበር የምናስመጥጠው። በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤትና ሻወር ካስገባን ወዲህ ግን በአምስት ወሩ ጢም ይላል። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስወጣ ከክዳኑ ጠርዝ ጥቁር ውሃ ወጥቶ የእናቴን ሎሚ ሥር አርሶታል። መምጠጫው መኪና አስፋልት ላይ ቆሞ ጎማ እየቀጣጠሉ ይጎትቱታል፣ ሒሳቡም በጎማው ቁጥር ይጨምራል።

ሌላም ነገር አለ። ከቅያሱ ጫፍ፣ ከሁላችንም በታች፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው እናት ግቢ ውስጥ ዱሮ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አለ። ቧንቧ ሲጠፋ ሰፈሩ ከዚያ ነው የሚቀዳው። ለልብስ ነው ይባላል እንጂ አፍልቶ የሚጠጣም አለ።

አንድ መስመር ቀብረን አንድ ትልቅ ሴፕቲክ ታንክ (ፍሳሹ ቆይቶ ዝቃጩ የሚቀርበት የተገነባ ታንከር) በጋራ ብናሠራ ያስኬዳል? አንድ ሠራተኛ መጥቶ «ምን አደከማችሁ፣ ቱቦውን ወደ ደረቁ ወንዝ ልቀቁት፣ ክረምት ጎርፍ ይወስድላችኋል» አለን። እናቴ ልቧ ወደዚያ አዘንብሏል። ርካሽ ነዋ።

ቧንቧ ሠሪው
አቦ፣ ወንዙን እርሱት! አሸዋ እኮ ነው። የለቀቃችሁት ውሃ ዓይናችሁ እያየ ይሰርጋል። ድሬ የምትጠጣው ደግሞ ከመሬት በታች ነው፣ ሳቢያን ራሷ የከተማው የውሃ ጉድጓዶች ያሉባት ሰፈር ናት። ጎርፍ ይወስደዋል ላለሽም፣ የ1998ቱን የሐምሌ ማብቂያ ሌሊት አስታውሺው። ዝናቡ እዚያ ተራራው ላይ ጥሎ፣ ደቻቱ ወንዝ እዚህ የተኛውን ሰው ነው የወሰደው። ወንዙ ሲመጣ ምን ይዞ የማን ቤት እንደሚገባ የሚመርጠው ራሱ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ይቻላል። ግን ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት መሬቱን ለኩ። ባለሙያ አያስፈልግም። ውስጡ የሚታይ የ20 ሜትር ነጭ ጎማ ውሃ ሙሉበት፣ አረፋ እንዳይኖረው። አንዱ ላይ ይያዝ፣ አንዱ ታች፣ ውሃው ሁለቱም ጋ እኩል ይቆማል። ከዚያ ሁለቱም ጋ ከውሃው እስከ መሬት በሜትር መለካት ነው፣ ልዩነቱ መሬቱ የወረደው ነው። እንዲህ እየተቀባበላችሁ እስከ ጫፍ ሂዱ። በ100 ሜትር ቢያንስ 1 ሜትር መውረድ አለበት። ካልወረደ ውሃው ይሄዳል፣ ሌላው ነገር ይቀራል። የቀረው ነገር ምን እንደሆነ አልነግርሽም።

ሌላው፣ ማንም ሰው የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ። «ሽታ የለውም» ብሎ የሚገባ አለ። ጋዙ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ለዚህ ነው የማይሸተው። አንዱ ወድቆ ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይቀራል።

መሐንዲስ ነኝ ባይ
ቧንቧ ሠሪው ያለውን ሁሉ እፈርማለሁ። እኔ ቁጥሩን ልጨምር።

11 ግቢ ሲባል 60 ሰው እንበል። አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢለቅ 3 ሜትር ኩብ ነው። ውሃው ታንኩ ውስጥ ሁለት ቀን ያህል መቆየት አለበት፣ 6 ሜትር ኩብ። ከታች የሚዘቅጠው ዝቃጭ በሰው በዓመት 40 ሊትር ገደማ ይያዝለት። በሦስት ዓመት አንዴ ለማስመጠጥ 7 ሜትር ኩብ ሌላ። ስለዚህ 13 ሜትር ኩብ፦ ወርዱ 2፣ ርዝመቱ 4፣ የውሃው ጥልቀት 1.70 ቢሆን ይበቃል። ለሁለት ክፍል ይከፈል፣ የመጀመሪያው ሁለት ሦስተኛውን ይያዝ። ከላይ ሶሌታ፣ በየክፍሉ ክዳን። ውስጡ በደንብ ይለሰን፣ አለዚያ ታንክ ሳይሆን ሌላ ጉድጓድ ነው የሠራችሁት።

የቅያሱ ቱቦ 160 ሚሊሜትር፣ ከየግቢው የሚገባው 110። ከባድ መኪና ስለማይገባ ጥልቅ መቆፈር አያስፈልግም፣ ግማሽ ሜትር አፈር ከላይ ካለው ባጃጅ ምንም አያደርገውም። ባይሆን ዙሪያውን አሸዋ አልብሱት፣ ድንጋይ አይንካው። በየመታጠፊያውና በየ20 ሜትሩ ማንሆል። ብራዚሎች ናታል በምትባለው የባሕር ዳር ከተማቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድሃ ሰፈሮችን በመስመር ያገናኙት በዚሁ ብልሃት ነው፦ ቀጭን ቱቦ፣ በጥልቁ ሳይሆን ላይ ላዩን፣ ዋናው መንገድ ሥር ሳይሆን በግቢና በእግረኛ መንገድ በኩል።

አሁን የማይጥመውን ልንገርሽ። ሴፕቲክ ታንክ ዝቃጩን ያስቀራል እንጂ ናይትሬትን (ከሽንት የሚመጣ፣ በውሃ የሚሟሟ ነገር) አያስቀርም። ናይትሬቱ ከታንኩ ወጥቶ፣ የታንኩን ውሃ ወደ መሬት በሚያሰርገው ማስረጊያ አልፎ፣ ከአዴ ጉድጓድ ይደርሳል። አሁንም ደርሶ ይሆናል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ናይትሬትን ግን አይነካውም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ይወፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። በተለይ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን በዚያ ውሃ የዱቄት ወተት እንዳይበጠበጥ። ይህን ዛሬውኑ ለጎረቤት ንገሪ፣ ቱቦው ይቆይ።

የለገሃሩ
ዋሪያ፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ግብር እንከፍላለን አይደል? ከተማው ዋና መስመር ይዘርጋ፣ ማጣሪያ ይሥራ። እናንተ ዛሬ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ስትቀብሩ «እነዚህ ችለዋል» ተብላችሁ ትረሳላችሁ።

መሐንዲስ ነኝ ባይ
@የለገሃሩ ግማሹ እውነት ነው። ዋናው መስመርና ማጣሪያ የሰፈር አቅም አይደለም። ግን ዋናው መስመር በራችሁ ቢደርስ እንኳ ከሽንት ቤታችሁ እስከ እሱ ያለውን ማን ይቆፍራል? ካራቺ ውስጥ ኦራንጊ የሚባል ሰፈር አለ። በ1980 እ.ኤ.አ. አክተር ሐሚድ ካን የሚባሉ ሰው ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። የቤቱንና የቅያሱን ነዋሪው ይሥራ፣ ዋናውንና ማጣሪያውን መንግሥት። ቅያሱ 20፣ 30 ቤት ነው፣ ገንዘቡን ራሳቸው አዋጡ፣ ራሳቸው አሠሩ። የሳቢያኗ 11 ግቢ በአንድ ታንክ ከተሰበሰበ፣ ነገ ዋናው መስመር ሲመጣ የሚቀጠለው አንድ ቱቦ ነው።

የጀጎሏ
እህቴ፣ እኔ ከሀረር ነኝ፣ ከጀጎል ውስጥ። እኛ ጋ ቅያሱ አህያና ሰው ለመተላለፍ የሚጠባበቁበት ነው፣ መምጠጫው ከግንቡ ውጪ ነው የሚቆመው። አምስት ቤት ሆነን የዛሬ ስድስት ዓመት የጋራ መስመር አስገባን። ጥሩ ግንበኛ፣ ጥሩ ቱቦ። ምንም አልጎደለንም፣ «ማን ይከፍተዋል» ከሚለው በስተቀር።

የታችኛው ቤት የአክስቴ ነው። ሸዋል ዒድ ላይ እንግዳ ሞልቷል፣ ልጆቹ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ከሻወሩ ወለል ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ። መጀመሪያ ሳሙና የመሰለ አረፋ፣ ከዚያ የሁላችንም ጓዳ። አክስቴ በሩን ዘግታ ፎጣ ደፍናበት ቡና ማቅረቧን ቀጠለች። እስከ ማታ ማንም አላወቀም፣ እኔ በጠረኑ ነው ያወቅኩት።

በነጋታው ስንከፍተው ማንሆሉ ላይ ጨርቅና የረጋ የሥጋ ስብ ነበር፣ እንደ ሳሙና የጠጠረ። ደግሞ አንዱ ቤት የጣራውን አሸንዳ ሳይነግረን ቀጥሎበት ኖሯል። ያን ሳምንት ዘንቧል፣ ሒሳቡን ሥሪው።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በአፎቻ፣ ማለትም እንደ እድር ባለው የሰፈር ማኅበራችን፣ ጨረስነው። በየወሩ ተራ አለ፣ ተረኛው ቤት ሁሉንም ክዳን ከፍቶ ያያል። የመዋጮ ደብተር አለ። ከየማድቤቱ መውጫ ላይ ስብ መያዣ ሳጥን ተሠራ። አሸንዳ የቀጠለ ይቀጣል። እናንተም እድር አላችሁ አይደል? ከቱቦው በፊት ደብተሩን ግዙ።

ከድሬ የወጣሁ
ካሊፎርኒያ ነኝ፣ ለሥራ የምመላለስባት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች፣ ሎስ ኦሶስ ትባላለች። 15 ሺህ ሰው ገደማ። ይህን ውይይት ሳነብ ትዝ አለችኝ። እነሱም ልክ እንደናንተ በየቤቱ ሴፕቲክ፣ ሥሩ አሸዋ፣ የሚጠጡት ከመሬት በታች። ናይትሬቱ ከፍ አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. የክልሉ የውሃ ተቆጣጣሪ ወደ መሬት መልቀቅን ከለከለ፣ ከ1988 ጀምሮ አዲስ ቤት መሥራት ቆመ።

መስመሩ ወዲያው የተሠራ ይመስላችኋል? የት ይሁን፣ ማን ይክፈል ሲባባሉ 2005 ደረሰ። ቁፋሮው ሲጀመር ማጣሪያው መሃል ከተማ መሆኑና ዋጋው ያልተዋጠለት ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ከአምስቱ የቦርድ አባላት ሦስቱን አወረደ። ሥራው ቆመ። በዓመቱ የከተማዋ የአገልግሎት ድርጅት ኪሳራ አወጀ። በኋላ አውራጃው ተረከበውና ቤቶቹ የተገናኙት በ2016 ነው። 33 ዓመት! አሁን የተጣራውን ውሃ መልሰው ወደ መሬት ያሰርጉታል፣ ጨዋማው የባሕር ውሃ ወደ ጉድጓዶቻቸው እየገባ ስላስቸገራቸው።

ሀብታም አገር ነው፣ መሐንዲስ አልጠፋም። የታገሉት ስለ ቱቦ አልነበረም። ጫፉ የማን ደጃፍ ይሁን ብለው ነው። አዴ ጋ ቀድማችሁ ሂዱ።

የሳቢያኗ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጣችሁ፣ ወላሂ አላሰብኩትም ነበር። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

በጎማው ለካነው። የሰፈሩ ልጆች ጨዋታ አደረጉት። 80 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ10 ወረደ፣ ግን የሚወርደው ወደ አዴ ግቢ ነው። የውሃ ጉድጓዳቸው ደግሞ ከቅያሱ ጫፍ 12 እርምጃ ብቻ ነው። እናቴ ይህን ስታይ ስለ ወንዙ ማውራት ተወች።

ከበርጫ በኋላ አመሻሹ ላይ እድሩ አዴ ቤት ተሰበሰበ። ከግቢያቸው ጀርባ የታችኛው መንገድ ዳር ባዶ ቦታ አለ፣ መኪና ይደርሳል፣ ከጉድጓዱ 45 ሜትር ይርቃል። ታንኩ እዚያ እንዲሆን ለቀበሌው ማመልከቻ አስገብተናል። ቱቦው ግን የግድ በአዴ ግቢ ማለፍ አለበት። አዴ ዝም ብለው ሰሙን። ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ «ይለፍ» አሉ። «ክዳኑ ግን ቡና ከምቆላበት ፊት እንዳይሆን። ጉድጓዴንም መጠጥ አይደለም ብላችሁ ቀለም ጻፉበት፣ እኔን ሰው አይሰማኝም።» ተጽፏል። ውሃው ናሙና ተወስዶለታል፣ ውጤቱ አልመጣም።

ዘጠኝ ግቢ ፈርሟል። ሁለቱ «ስትጨርሱ እናያለን» ብለዋል። እነሱ ደጃፍ ላይ ቲ (ኋላ የሚቀጠሉበት የቱቦ መጋጠሚያ) አስገብተን እንለፍ ወይስ ይቅር?

ቧንቧ ሠሪው
አስገቡ። ኋላ ከመስበር ይሻላል። ግን ቲ ሳይሆን ዋይ ይሁን፣ ቲ ላይ ይደፈናል። ከግቢው የሚገባው ውሃ ከመስመሩ አካሄድ ጋር እንዲቀላቀል አድርጋችሁ አዙሩት፣ በታፖ ዝጉት፣ ልኩን ከግድግዳቸው በሜትር ለክታችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ። የድሮዎቹን ጉድጓዶችም አስመጥጣችሁ ኖራ በትኑበትና በድንጋይና በአፈር ሙሏቸው፣ በቆርቆሮ ሸፍናችሁ አትተዉ። ልጅ ይገባበታል።