በ9 ደቂቃ የፍቅር ፊልም ውስጥ ሙዚቃው የት ይግባ?

ጀማሪ_ኤዲተር፦
ሰላም ቤተሰብ። 9 ደቂቃ የሚሆን አጭር ፊልም ኤዲት ላይ ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ክፍል፣ ቡና ተፈልቶ፤ ጠዋት ሊለያዩ ነው። ለጊዜው ብዬ አንድ የትዝታ ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋሁበትና ፊልሙ ክሊፕ መሰለ፤ ንግግሩም ተዋጠ። ድምፁን ስቀንሰው ደግሞ ጎረቤት ሬዲዮ የከፈተ ይመስላል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ባለ_ክራር፦
መጀመሪያ ግጥም ያለውን ዘፈን ከንግግር ሥር አውጣው። ተዋንያኑም ዘፋኙም በአማርኛ ሲያወሩ ጆሮ ሁለቱንም ልከተል ይላል፣ ሁለቱም ያመልጡታል። ትዝታው ራሱም ችግር አለው፦ የኛ ተመልካች ገና ቅኝቱን ሲሰማ መለያየት እንዳለ ያውቃል። በመጀመሪያው ደቂቃ ካስገባኸው መጨረሻውን ተናግረህ ጨረስክ።

ይልቅ 4 ወይም 5 ኖታ ያላት አጭር ዜማ በክራር አስመታ። መጀመሪያ ላይ በትዝታ ሜጀር (ዶ ሬ ሚ ሶል ላ)፣ መጨረሻ ላይ ያችኑ ዜማ ሚ እና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገህ በማይነር። ዜማዋ ያችው ናት፤ የጠቆረው ቅኝቱ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 60 ምት ከሆነ፣ በሰከንድ 24 ፍሬም በተቀረፀ ፊልም አንድ ምት ልክ 24 ፍሬም ስለሚሆን ለቆረጣ ይመቻል። ሁሉንም ቆረጣ ምት ላይ ካሳረፍክ ግን ተመልሶ ክሊፕ ነው።

ደግሞ እንባ ላይ ሙዚቃ አታስገባ፤ ፊቷ የተናገረውን መድገም ነው። ሲኒው ረከቦቱ ላይ ሲቀመጥ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ከድርጊት ጋር ይግባ። 3 ቦታ፣ ተደምሮ 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃል ባይ ነኝ።

ሚክስ_ክፍል፦
ክራሩ ጥሩ ሐሳብ ነው። ማሲንቆ ያማረህ እንደሆነ ግን ተጠንቀቅ፤ ድምፁ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ ሰፈር ስለሆነ ከንግግር ሥር ሲገባ ሦስተኛ ሰው ያወራ ይመስላል። ንግግር በሌለበት ይሁን።

የሬዲዮው ነገር፦ ለገበያ የወጣ ዘፈን በማስተሪንግ (በመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ስለተጨመቀ ከፍና ዝቅ የለውም። ስትቀንሰው አይለሰልስም፣ ይርቃል እንጂ። መጀመሪያ ንግግሩን ጨርስ። ከዚያ ሙዚቃውን ከንግግሩ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ አድርግ፤ ዝምታ ሲመጣ በ1 ወይም 2 ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ 5 ዴሲቤል ይነሳ። ከሙዚቃው ላይ በኢኪው (የድምፅ ድግግሞሽ ማስተካከያ) ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን 3 ዴሲቤል ብትቀንስ ቃላቱ ይጠራሉ።

ሙዚቃው ሲያበቃ ከሥሩ ምንም ከሌለ ፊልሙ ድምፁ የተቋረጠ ይመስላል። ሰው ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ 1 ደቂቃ ቅዳና ከታች ዘርጋው። ማብቂያውንም በፌድ (ድምፁን ቀስ በቀስ በመቀነስ) አታጥፋ፤ የዜማዋን የመጨረሻ ምት ትዕይንቱ ማብቂያ ላይ አስቀምጠህ መግቢያውን ወደ ኋላ ቆጥረህ አግኝ። አውታሩ ነዝሮ ራሱ ይጥፋ።

ጀማሪ_ኤዲተር፦
ገባኝ። ዘፈኑን መጨረሻ የስም ዝርዝሩ ላይ 15 ሰከንድ ብቻ ብተወውስ?

መብት_ነክ፦
«15 ሰከንድ አያስጠይቅም» የሚባለው ተረት ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ መብት ሌላ፣ የቅጂው አዘጋጅና የከዋኙ መብት ሌላ ነው፤ ፈቃዱ ከሁለቱም ወገን በጽሑፍ ይምጣ። ደራሲው ካረፈም መብቱ 50 ዓመት ይቆያል፣ ወራሾቹን ትጠይቃለህ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ኮንቴንት አይዲ (የተመዘገቡ ዘፈኖችን የሚለየው ሥርዓት) ራሱ ሊይዘው ይችላል። የሕዝብ ዜማ በክራር ብታስመታም ከተጫዋቹ ጋር ተፈራረም፦ ክፍያው፣ በፌስቲቫልና በኢንተርኔት የማሳየት ፈቃዱ ተለይተው ይጻፉ።