የአህያ ሽንት ቀላ፣ ድዷም ቢጫ ሆነ፤ ኢሚዶካርብ ስንት ልስጣት?

ጥያቄ፦ 150 ኪሎ ገደማ የምትሆን አህያ መኖ ትታለች። ትኩሳቷ 40.2 ነው፤ ድዷ ገርጥቶ ወደ ቢጫ ይመታል፤ ሽንቷ እንደ ወፍራም ሻይ ነው። ከጆሮዋና ከጅራቷ ሥር መዥገር ተለቅሟል። ኢሚዶካርብ የተባለው የደም ተውሳክ መድኃኒት ለፈረስ በኪሎ 4 ሚሊግራም ይሰጣል ብለውኛል፤ ለእሷም ይሆናል?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! 4 ሚሊግራም ቴይለሪያ ኢኩዋይ የተባለውን በመዥገር የሚተላለፍ የደም ተውሳክ ከፈረስ ደም ለማጥፋት በየ72 ሰዓቱ 4 ጊዜ የሚሞከር መጠን ነው፤ አህያን ሊገድል ይችላል። ባቤዚያ ካባሊ ለተባለው ሌላው የመዥገር ተውሳክ የተለመደው በኪሎ 2.2 ሚሊግራም ጡንቻ ላይ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ አንዴ መድገም ነው። ጠርሙሱ በሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ካለው ለ150 ኪሎ 2.75 ሚሊ ሊትር ይደርሳታል። ደም ሥር ውስጥ አይወጋም። ለሃጭ፣ ላብና ቁርጠት ሊከተል ስለሚችል ሐኪም ይወጋት፣ እዚያው ቆይቶም ይያት። አትሮፒን ለሃጩን ይቀንሳል፤ አንጀትንም ስለሚያዘገይ ግን እንዲሁ አይሰጥም።

ሌላ መልስ፦ መድኃኒቱ ሳይገባ ደም ይወሰድ። ከጆሮ ጫፍ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ በስሱ ተስቦ፣ ደርቆ፣ በሜታኖል ተይዞ በጊምሳ ይቀለማል። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጫፋቸው የተገናኘ ትልልቅ ጠብታ መሳዮች ባቤዚያ ናቸው። አራት ሆነው መስቀል የሠሩ ትንንሾች ቴይለሪያ ናቸው፤ የቀላ ሽንት ይበልጥ የሚታየውም በዚህኛው ነው። ስላይዱ ላይ አለመታየቱ ግን ነጻ ናት አያሰኝም፤ ባቤዚያ በተለይ ደም ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ሌላው የደም ተውሳክ በሽታ ገንዲም ትኩሳትና የደም ማነስ ስለሚያመጣ በዚያው ይታይ።

ጠያቂው፦ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረናል፣ ደም ዛሬ ይወሰዳል። መዥገሩን በአሚትራዝ ላጥባት?

መልስ፦ አሚትራዝ ለፈረስም ለአህያም አይሆንም፤ አንጀታቸውን ያቆመዋል። ለፈረስ ዘር የተፈቀደ ፐርሜትሪን ይሻላል። ቀሪውን በወረንጦ ከቆዳው አስጠግተው ይዘው ቀጥ አድርገው ይንቀሉት፤ ዘይት መቀባት ወይም በእሳት ማስለቀቅ ይቅር።

ሌላ መልስ፦ መኖ መተዋን ችላ አትበሉ። አህያ ስትራብ የገዛ ስቧ ደሟን ይሞላውና ጉበቷ ይጎዳል፤ ለስላሳ ሣር በትንሽ በትንሹ አቅርቡላት፣ ውሃ አይለያት። ጭነት ደሟ እስኪመለስ ይቁም። ለእሷ የዋለ መርፌ ሌላ እንስሳ ላይ አይደገም፤ ቴይለሪያ የያዘው እንስሳ ድኖም ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ ሊሆን ይችላል።