ከምድር ቤቱ ወለል አልለቅ ያለ የናፍጣ ሽታ

የቤታችን ማሞቂያ በናፍጣ የሚሠራ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የማጠራቀሚያው ቱቦ መጋጠሚያ ላልቶ ምድር ቤቱ ውስጥ 10 ሊትር ያህል ፈሰሰ። ቱቦው ተጠግኗል፤ አሁን አያንጠባጥብም። ወለሉ ቀለም ያልተቀባ ሲሚንቶ ነው። መጀመሪያ ሰጋቱራ ነስንሼ ጠረግሁ፤ ከዚያ በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አራት ጊዜ ፈተግሁት። በረኪናም ሞክሬ ነበር፤ በናፍጣው ሽታ ላይ ሌላ ሽታ ከመጨመር በቀር የፈየደው የለም። መስኮት ከፍቼ ማራገቢያ ሳበራ ይሻላል። ስዘጋ ግን በማግስቱ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ መኝታ ክፍል ይገባል፤ ልጆቹም ራሳችንን አመመን ይላሉ። ከግድግዳው ሥር ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ ነዳጁ በዚያ በኩል ወደ አፈሩ ሳይሰርግ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። ወለሉን ሳልሰብር፣ ሽታው የሚመጣው ከሲሚንቶው ይሁን ከሥሩ ካለው አፈር እንዴት መለየት እችላለሁ?